ጁክ ቦክስ ሸክላን እንዴት ይበላ ነበር?

ዛሬ አንድን ዘፈን በስልካችን ሺህ ጊዜ ብንሰማው ዘፈኑ አይለወጥም። ድምፁ በቁጥር ተጽፎ የተቀመጠ በመሆኑ፣ በተከፈተ ቁጥር የሚነካውም ሆነ የሚፍቀው ነገር የለም። በሸክላ ዘመን ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ያን ጊዜ መስማት ማለት መንካት ነበር። መርፌው የሸክላውን ገጽ እየዳሰሰ ካልሄደ በቀር ድምፅ አይወጣም፤ እየዳሰሰ በሄደ ቁጥር ደግሞ ከድምፁ ጥቂት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ማዳመጥ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ማጥፋት ነበር።

ይህ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በጁክ ቦክስ ነው። እንደሚታወቀው ጁክ ቦክስ በቡና ቤትና በመዝናኛ ቤት ይቆም የነበረ፣ ሳንቲም ሲጨመርበትና ቁልፉ ሲነካ የተመረጠውን ሸክላ በራሱ አንሥቶ የሚያጫውት ትልቅ ሣጥን ነው። በቤት ውስጥ አንድ ሸክላ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢሰማ፣ በጁክ ቦክስ ውስጥ ያለ ተወዳጅ ሸክላ በአንድ ምሽት ሃያ ጊዜ ሊሰማ ይችላል። ታዲያ ይህ መሣሪያ ሸክላውን የሚጎዳው በምን መንገድ ነው? ጉዳቱስ ለታሪካችን ምን ትርጉም አለው? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ለመመለስ ይሞክራል። ነገሩ የሙዚቃ ብቻ ሳይሆን የፊዚክስም ትምህርት ስለ ሆነ፣ በመጨረሻ በክፍል ውስጥ ሊሠሩ የሚችሉ ጥቂት ሙከራዎች ቀርበዋል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድምፅ በሸክላ ላይ እንዴት ይቀመጣል?

በሸክላ ገጽ ላይ ከዳር ጀምሮ ወደ መካከል እየተጠመዘዘ የሚሄድ አንድ ረጅምና ጠባብ ቦይ አለ። የቦዩ ግድግዳዎች ቀጥ ያሉ አይደሉም፤ እንደ እባብ አካሄድ ይወላገዳሉ። ይህ መወላገድ ራሱ ድምፁ ነው። ወፍራም ድምፅ ሰፊና ረጅም ማዕበል ይሠራል፤ ቀጭን ድምፅ ደግሞ እርስ በርሱ የተጠጋጋና ጥቃቅን ማዕበል ይሠራል። መርፌው በቦዩ ውስጥ ሲጓዝ ከግድግዳዎቹ ጋር ይወዛወዛል። ይህ ውዝዋዜ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጥና በድምፅ ማጉያ በኩል እንደገና ድምፅ ሆኖ ይወጣል።

የነገሩን ጥቃቅንነት ለመገመት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ አንድ ዙር ለመጨረስ 1.33 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ቦዩ በሚጀምርበት በዳሩ አካባቢ ዲያሜትሩ 168 ሚሊ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ መርፌው በሴኮንድ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ቦዩ በሚያልቅበት በመካከሉ አካባቢ ግን ዲያሜትሩ ወደ 108 ሚሊ ሜትር ስለሚወርድ፣ ጉዞው በሴኮንድ 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። እንግዲህ በሴኮንድ 10,000 ጊዜ የሚንዘር አንድ ቀጭን ድምፅ በዳሩ ላይ 0.040 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ማዕበል ሲይዝ፣ በመካከሉ ግን 0.025 ሚሊ ሜትር ባለው ማዕበል ውስጥ ተጨናንቆ ይቀመጣል። የተለመደው ክብ መርፌ ጫፍ ሬዲየስም 0.025 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በዘፈኑ መጨረሻ ላይ መርፌው ራሱን የሚያክል ጎድጓዳ ውስጥ ለመግባት ይታገላል ማለት ነው። ሸክላ ሲያረጅ የዘፈኑ መጨረሻ ከመጀመሪያው ቀድሞ የሚሻክረው በዚህ ምክንያት ነው።

የመሣሪያው ታሪክ ባጭሩ

ሳንቲም እየተከፈለበት የሚሰማ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የቀረበው በኅዳር 1889 በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ሲሆን፣ ያቀረበውም ሉዊስ ግላስ የሚባል ሰው ነው። ይህ መሣሪያ የሚያጫውተው በሰም የተቀረጸ ሲሊንደር ነበር። ድምፅ ማጉያ ስላልነበረው ሰሚዎች በአራት ቱቦዎች ጆሯቸውን ደቅነው ያዳምጡ ነበር። በኤሌክትሪክ ድምፅን የሚያጎላና ብዙ ምርጫ ያለው ሣጥን የመጣው በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ ዉርሊትዘር፣ ሲበርግ፣ ሮክ ኦላ እና ኤ.ኤም.አይ. የተባሉት ፋብሪካዎች በዓለም ላይ ስመ ጥር ሆኑ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚጫወተው ሸክላ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው፣ ወድቆ እንደ ገንቦ የሚሰባበረው ዓይነት ነበር። በ1948 ሲበርግ 100 ምርጫ ያለው መሣሪያ አወጣ። በ1949 አር.ሲ.ኤ. የተባለው ኩባንያ ባለ 45 ዙሩን ትንሽ ሸክላ ለገበያ አቀረበ፤ በ1950 ሲበርግ ይህንኑ ሸክላ የሚያጫውት ጁክ ቦክስ ሠራ። ቀላል፣ የማይሰበርና መካከሉ ላይ 38 ሚሊ ሜትር የሚሆን ሰፊ ቀዳዳ ያለው በመሆኑ ባለ 45 ዙሩ ሸክላ ለመሣሪያው እጅ እጅግ የተመቸ ነበር። ጁክ ቦክስ በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው ከዚህ ሸክላ ጋር ነው።

ከናይሮቢ እስከ አዲስ አበባ

በምሥራቅ አፍሪካ የባለ 45 ዙር ሸክላ ዋና ከተማ ናይሮቢ ነበረች። ሸክላ የሚታተምበት ፋብሪካ ስለነበራት ከኬንያ ብቻ ሳይሆን ከታንዛንያና ከኮንጎም ሙዚቀኞች እየመጡ በዚያ ይቀረጹ ነበር። ሲምባ ዋንዪካ፣ ሱፐር ማዜምቤ፣ ሌ ማንጌሌፓ የተባሉት ባንዶች ስማቸው የገነነው በናይሮቢ ነው። ከቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ የተነሣውን የቤንጋ ሙዚቃ ካስፋፉት መካከል ዲ. ኦ. ሚሲያኒና የሺራቲ ጃዝ ባንድ ይገኙበታል።

የናይሮቢ ሸክላ አንድ የተለየ ባሕርይ ነበረው። ብዙ ጊዜ አንድ ዘፈን ለሁለት ተከፍሎ አንደኛው ክፍል በፊት ገጽ፣ ሁለተኛው ክፍል በጀርባ ገጽ ይታተም ነበር። ጁክ ቦክስ ደግሞ እያንዳንዱን ገጽ እንደ አንድ ምርጫ ይቆጥራል። ስለዚህ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ለመስማት የሚፈልግ ሰው ለሁለት ምርጫ መክፈል ነበረበት። ጊታሮቹ የሚፋጠኑበትን ሁለተኛውን ክፍል ብቻ የሚመርጥ ጨፋሪ ሲበዛ፣ የጀርባው ገጽ ከፊቱ ገጽ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። በአንድ ሸክላ ላይ አንዱ ወገን ንጹሕ፣ ሌላው ወገን የተቃጠለ ሆኖ የሚገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከናይሮቢ መካከል ወደ ሰሜን ምሥራቅ በቲካ መንገድ ሲኬድ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘው ካሳራኒ፣ በ1987 ለአራተኛው የመላው አፍሪካ ጨዋታዎች በተሠራው ታላቅ ስታዲየም ትታወቃለች። በአጠገቧ ባለችው ሩዋራካ በ1922 የተመሠረተው የኬንያ ቢራ ፋብሪካ ይገኛል። ዛሬ በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት መዝናኛ ቤቶች ሙዚቃ የሚያሰሙት ከኮምፒዩተርና ከስልክ ነው፤ ከእነርሱ ቀድመው በናይሮቢ የነበሩት መጠጥ ቤቶች ግን ከሚያገለግሉባቸው መሣሪያዎች አንዱ ጁክ ቦክስ ነበር። በካሳራኒ ያለ ወጣት የአባቱን ዘመን ዘፈን ከፍቶ ከጀርባው የመንሿሿት ድምፅ ቢሰማ፣ የሚሰማው ነገር የዚያ ዘመን መርፌ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የኢትዮጵያ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ የተቀረጸው በ1908 ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር በዘፈኑት ዘፈን ነው። ይሁን እንጂ የባለ 45 ዙር ሸክላ ዘመን በሙሉ ኃይሉ የመጣው ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በ1948 በወጣ ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ በ1969 በራሱ ድፍረት አምሃ ሬከርድስን አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈኖች አሳተመ። ካይፋ ሬከርድስና ፊሊፕስም በዚሁ ሥራ ተሰልፈው ነበር። እስከ 1978 ድረስ ባለው ጊዜ የታተሙት ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ወደ 500 እንደሚጠጉ ይገመታል። በአዲስ አበባና በአስመራ ቡና ቤቶች ይገኝ የነበረው ጁክ ቦክስም የጥላሁን ገሠሠንና የማሕሙድ አሕመድን ዘፈን ከውጭ አገር ዘፈን ጋር እያፈራረቀ ያሰማ ነበር። ከ1974 በኋላ የሰዓት እላፊ ገደብ የምሽቱን ሕይወት አቀዘቀዘው፤ ካሴት ደግሞ ሸክላን ከገበያ አስወጣው።

ሸክላው የሚበላባቸው ምክንያቶች

1ኛ. ግፊት። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይላሉ። የግፊትን ሕግ ከዚህ አጥርቶ የሚገልጽ የለም። ጭነቱ ያው ሆኖ የሚያርፍበት ቦታ ሲሰፋ ይቀላል፤ ሲጠብ ይከብዳል።

የባለ 78 ዙር ሸክላ ያጫውቱ የነበሩት የ1930ዎቹ መሣሪያዎች መርፌ ወደ 100 ግራም የሚደርስ ክብደት ይጭን ነበር። የባለ 45 ዙር ጁክ ቦክሶች መጀመሪያ ላይ ከ6 እስከ 10 ግራም፣ ኋላም ከ3 እስከ 5 ግራም ግድም ይጭኑ ነበር። ጥሩ የቤት ማጫወቻ ደግሞ ከ1.5 እስከ 3 ግራም ይበቃዋል። አንድ ሰው «5 ግራም ምን ያህል ነው? የአንድ ማንኪያ ስኳር ክብደት እኮ ነው» ሊል ይችላል። እስቲ እናስላው።

መርፌው በቦዩ ታች አያርፍም፤ በግራና በቀኝ ግድግዳዎች ላይ ይደገፋል። ግድግዳዎቹ በ45 ዲግሪ ስላዘነበሉ፣ ከ5 ግራም ክብደት ለእያንዳንዱ ግድግዳ 3.5 ግራም ያህል ይደርሰዋል። መርፌው ግድግዳውን የሚነካበት ክብ ሬዲየስ 6 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ማይክሮ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። የዚህ ክብ ስፋት 113 ካሬ ማይክሮ ሜትር ይሆናል። አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ደግሞ 100,000,000 ካሬ ማይክሮ ሜትር ነው። ስለዚህ 3.5 ግራምን ለ113 አካፍለን በ100,000,000 ብናባዛ፣ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ3,000 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ግፊት እናገኛለን። የአንድ የቤት መኪና ጎማ ግፊት በካሬ ሴንቲ ሜትር 2 ኪሎ ግራም ያህል ነው። የመርፌው ግፊት ከዚህ 1,500 ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው። በእርግጥ ፕላስቲኩ በመጠኑ ስለሚሸሽ የመነካኪያው ቦታ ሰፍቶ እውነተኛው ግፊት ከዚህ ሊያንስ ይችላል። ቢሆንም ቁጥሩ የሚያሳየው ነገር ግልጽ ነው፤ ትንሽ የሚመስለው ክብደት እጅግ በጠበበ ቦታ ላይ ሲያርፍ ታላቅ ኃይል ይሆናል።

2ኛ. የመርፌው እርጅና። መርፌው ሸክላውን ሲፍቅ ሸክላውም መርፌውን ይፍቀዋል። በድሮው የባለ 78 ዙር ሸክላ ውስጥ ሼላክ ከሚባለው፣ በእስያ በሚገኙ ጥቃቅን ነፍሳት ከሚመነጨው ሙጫ ጋር የተፈጨ የድንጋይ ዱቄት ሆነ ተብሎ ይጨመር ነበር። ዓላማው የብረት መርፌው ወዲያው ተስሎ የቦዩን ቅርጽ እንዲይዝ ነው። በቤት ውስጥ የብረት መርፌ ለአንድ ገጽ ብቻ አገልግሎ ይጣል ነበር። ለጁክ ቦክስ ግን በየዘፈኑ መርፌ የሚለውጥ ሰው ስለማይኖር፣ ረጅም ጊዜ የሚያገለግል ጠንካራ መርፌ ተሠራለት። ጠንካራው መርፌ ቀስ ብሎ ስለሚያልቅ መጎዳቱን ማንም ሳያስተውለው ብዙ ሸክላ ያበላሻል።

በባለ 45 ዙር ዘመን የሰንፔርና የአልማዝ መርፌ መጣ። አንድ የሰንፔር መርፌ 50 ሰዓት፣ የአልማዝ መርፌ 500 ሰዓት ያህል በደኅና ያገለግላል እንበል። በቀን 100 ዘፈን የሚጫወትበት ጁክ ቦክስ፣ እያንዳንዱ ዘፈን 3 ደቂቃ ቢሆን፣ በቀን 5 ሰዓት ይሠራል። የሰንፔሩ መርፌ በ10 ቀን፣ የአልማዙ መርፌ በ100 ቀን መለወጥ ነበረበት ማለት ነው። ባለመሣሪያው ግን መርፌ የሚለውጠው አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ መበላሸቱን ደንበኛ ሲነግረው ነበር። ድምፁ ለጆሮ እስኪታወቅ ከተበላሸ ደግሞ ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል። ምክንያቱም ያረጀ መርፌ ክብነቱን ያጣል፤ በሁለት ጎኑ ጠፍጣፋ ሆኖ ጠርዝ ያወጣል፤ ጠርዙም እንደ መሮ የቦዩን ጥቃቅን ማዕበል እየቀረፈ ይሄዳል።

3ኛ. የሸክላው አፈር፣ ማለትም የተሠራበት ነገር። ባለ 45 ዙር ሸክላ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቪኒል ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራው ሸክላ በመጠኑ የመለጠጥ ባሕርይ ስላለው፣ መርፌው ሲጫነው ጎብጦ ሲያልፍ ወደ ቦታው ይመለሳል። በአሜሪካ ግን ብዙ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች በርካሽ ከሚመረተው ፖሊስታይሪን ከተባለው ፕላስቲክ ይሠሩ ነበር። ይህ ደረቅና ተሰባሪ ነው። ከባድ ወይም ያረጀ መርፌ ሲያገኘው አይጎብጥም፤ ጥቃቅን ስንጥቅ እያወጣ ይፈረፈራል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ገጹ ግራጫ ይሆናል፤ ድምፁም እንደሚጠበስ ነገር ይንጫጫል።

4ኛ. አቧራ። በቡና ቤት ውስጥ አቧራ፣ የሲጋራ ጭስና የምግብ ቅባት አይጠፋም። አቧራ በአብዛኛው የደቀቀ ድንጋይ ነው፤ ከፕላስቲክም ይጠነክራል። ከላይ የተሰላው ግፊት ይህን ቅንጣት በቦዩ ግድግዳ ላይ ሲሰካው፣ ቅንጣቱ በዚያው ይቀርና መርፌው ባለፈ ቁጥር «ጧ» የሚል ድምፅ ያሰማል። በበጋ መስኮቱ ለመንገድ ክፍት በሆነ ቤት ይህ ጉዳት የዕለት ተዕለት ነው።

5ኛ. የመሣሪያው እጅና የቤቱ ወለል። ሸክላው በተመረጠ ቁጥር የመሣሪያው ክንድ ከመደርደሪያው ያነሣዋል፤ ይጨብጠዋል፤ ያሽከረክረዋል፤ መልሶም ይሰካዋል። በዚህ ጊዜ የቀዳዳው ጠርዝና ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ይፈገፈጋል። ወለሉ በጭፈራ ሲንቀጠቀጥ ወይም ሳንቲሙ የተበላበት ሰው ሣጥኑን ሲመታው መርፌው ዘሎ ገጹን ሊሰነጥር ይችላል።

6ኛ. ብዛት። ከላይ የተጠቀሱት ሁሉ በአንድ ጊዜ ማዳመጥ የሚያደርሱት ጉዳት ኢምንት ነው። ጉዳት የሚሆነው ሲደጋገም ነው። የ3 ደቂቃ ዘፈን 135 ዙር አለው። የአንድ ዙር አማካይ ርዝመት 43 ሴንቲ ሜትር ያህል በመሆኑ የቦዩ ጠቅላላ ርዝመት ወደ 58 ሜትር ይደርሳል። በቀን 100 ዘፈን የሚያሰማ መርፌ በቀን ወደ 5.8 ኪሎ ሜትር፣ በወር ደግሞ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህም ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን አልፎ የሚያስኬድ መንገድ ነው፤ በአንዲት የአልማዝ ቅንጣት እየተፋቀ የሚኬድ።

መጀመሪያ የሚጠፋው የትኛው ድምፅ ነው?

ሸክላ ሲበላ ሁሉም ድምፅ እኩል አይጠፋም። ቀድሞ የሚሄደው በጥቃቅን ማዕበል የተጻፈው ቀጭን ድምፅ ነው። የከበሮው ጸናጽል ይደበዝዛል፤ የጊታሩ ክር ጥራቱን ያጣል። ከሰው ድምፅ ደግሞ «ስ፣ ሽ፣ ጽ፣ ጭ» የሚባሉት ፊደላት ይሻክራሉ። አማርኛ እነዚህን ድምፆች የሚያበዛ ቋንቋ በመሆኑ፣ በተበላ ሸክላ ላይ ዜማው እየተሰማ ግጥሙ ሊያዳግት ይችላል። ሳክስፎን ወይም ዘፋኙ ድምፁን ከፍ በሚያደርግበት ቦታም ቦዩ በኃይል ስለሚወላገድ፣ መርፌው ማዞሪያው ላይ ግድግዳውን አብዝቶ ይመታዋል። ስለዚህ በዘፈኑ ውስጥ ስሜት የሚያይልበት ቦታ ጉዳቱም የሚያይልበት ቦታ ነው።

ጁክ ቦክስ ብቻውን ጥፋተኛ ነውን?

ፍርዱ ሚዛናዊ መሆን አለበት። በደንብ የተያዘ ጁክ ቦክስ፣ መርፌው በጊዜው ከተለወጠና ክብደቱ ከተስተካከለ፣ ሸክላን ከብዙ የቤት ማጫወቻዎች የተሻለ ይጠብቅ ነበር። የሲበርግ መሣሪያዎች ሸክላውን የሚያጫውቱት አቁመው ስለሆነ አቧራ እንደ ልብ አያርፍበትም። የሰው ጣትም አይነካውም። በአንጻሩ በየቤቱ የነበረው ርካሽ ማጫወቻ፣ ክንዱ ከባድ፣ መርፌውም ለዓመታት ያልተለወጠ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ጥፋቱ የመሣሪያው ዓይነት ሳይሆን የአያያዙ ነው። የጁክ ቦክስ ልዩነቱ ጉድለቱን በቀን መቶ ጊዜ ማባዛቱ ነው።

ባለመሣሪያዎቹም ቢሆኑ ሸክላውን ለዘለዓለም አልገዙትም። ሲያረጅ ወይም ፈላጊ ሲያጣ አውጥተው በአዲስ ይተኩታል። አንዳንዶቹ መሣሪያዎች የትኛው ዘፈን ስንት ጊዜ እንደተመረጠ የሚቆጥር መለኪያ ነበራቸው። የወጣው ሸክላ በርካሽ ዋጋ ይሸጥ ነበር። በዚህ መንገድ የቡና ቤት ሸክላ ወደ ሰው ቤት፣ ከሰው ቤትም ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ይዘዋወራል። በናይሮቢ በኬንያታ ገበያ እንዲህ ያለው አሮጌ ሸክላ ሲሸጥ ቆይቷል።

የተወደደው ሲጠፋ

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንደርሳለን። አንድ ዘፈን ሲቀረጽ መጀመሪያ በማግኔት ቴፕ ላይ ይቀመጣል። ይህ ዋናው ቴፕ በደኅና ከተጠበቀ፣ ሸክላው ቢበላ ጉዳት የለውም፤ እንደገና ማተም ይቻላል። በአፍሪካ ግን ብዙው ዋና ቴፕ በኩባንያ መዘጋት፣ በስደት፣ በእርጥበት ወይም በላዩ ሌላ ነገር በመቅዳት ጠፍቷል። አምሃ እሸቴም በ1975 አገሩን ለቆ ወደ አሜሪካ ሄዷል። ዋናው ቴፕ በጠፋ ጊዜ የዘፈኑ ብቸኛ ምስክር ሸክላው ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር ይታያል። ማንም ያልመረጠው ዘፈን ሸክላው አዲስ እንደሆነ ይገኛል። ሕዝብ የወደደው፣ የጨፈረበት፣ ሳንቲሙን ያፈሰሰበት ዘፈን ግን ቦዩ ታርሶ ይገኛል። ታሪክ ጸሐፊ በሸክላ ጥራት ብቻ ቢመራ፣ የተተወውን ዘፈን አጉልቶ የተወደደውን ሊያደበዝዝ ይችላል። በሌላ በኩል መበላቱ ራሱ መረጃ ነው። ግራጫ የሆነ ገጽ፣ የተፈገፈገ ወረቀት፣ የሰፋ ቀዳዳ፣ ሁሉም «ይህን ሰው ይሰማው ነበር» ብለው ይመሰክራሉ።

የጠፋውን ለማዳን ብዙ ሥራ ተሠርቷል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ ባዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም የኢትዮጵያን የሸክላ ዘመን ሙዚቃ ለዓለም አሰምቷል። በናይሮቢም በታቡ ኦሱሳ የተመሠረተው ከተቡል ሙዚክ የኬንያን የቀድሞ ሙዚቃ እየሰበሰበ ሲያሳትም ቆይቷል። ሙያተኞች የተበላ ሸክላ ሲያገኙ አንድ ብልሃት አላቸው። የድሮው መርፌ ግድግዳውን የበላው በአንድ ከፍታ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ጫፉ ጠበብ ወይም ሰፋ ያለ መርፌ ተጠቅመው ካልተነካው የግድግዳ ክፍል ላይ ድምፁን ያነባሉ። በአሜሪካ ደግሞ መርፌ ሳይነካው የቦዩን ፎቶግራፍ በማንሣት ድምፁን በኮምፒዩተር የሚያወጣ ዘዴ ተፈልስፏል። እንዲህ ያለው ጥበብ ግን ሸክላው በእጅ ከሌለ ምንም አይፈይድም።

በክፍል ውስጥ የሚሠሩ ሙከራዎች

ሀ. ግፊት። አንድ የልብስ ሳሙና፣ አንድ ምስማርና ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ይዘጋጅ። መጀመሪያ ምስማሩ በራሱ በኩል፣ ቀጥሎም በጫፉ በኩል ሳሙናው ላይ ቆሞ ዕቃው ይጫንበት። ክብደቱ ያው ሆኖ የጉድጓዱ ጥልቀት ለምን ተለያየ? ተማሪዎች ስፋቱን ለክተው ግፊቱን ያስሉ።

ለ. አቧራ። ከፕላስቲክ የተሠራ አሮጌ ማስመሪያ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሃያ ጊዜ ይታሽ። ሌላው ጎኑ ደግሞ ደቃቅ አቧራ በነካው ደረቅ ጨርቅ ሃያ ጊዜ ይታሽ። ሁለቱም በብርሃን ፊት አጋድሞ በመያዝ ይነጻጸሩ።

ሐ. ቦዩን ማየት። ከጥቅም ውጭ የሆነ የሸክላ ስባሪ ከተገኘ፣ በሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ ማይክሮስኮፕ ሥር ይቀመጥ። ሸክላው ብርሃን ስለማያሳልፍ ከጎን በባትሪ ይብራበት። በ40 ወይም በ100 እጥፍ ሲታይ የቦዩ መወላገድ በግልጽ ይታያል።

መ. ስሌት። አንድ ሸክላ በቀን 20 ጊዜ ለ30 ቀን ቢጫወት፣ በላዩ ላይ ያለፈው መርፌ ስንት ኪሎ ሜትር ተጉዟል? የቦዩን ርዝመት 58 ሜትር አድርጋችሁ አስሉ።

በእጃችን ያለውን ሸክላ ስለ መጠበቅ

በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት የተረሳ ሸክላ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ሸክላ ሲገኝ በቅድሚያ «እስቲ ይሰማ» ብሎ በተገኘው መሣሪያ ላይ ማስቀመጥ አይገባም፤ ያረጀ መርፌ አንድ ጊዜ ሲያልፍበት የቀረውን ይጨርሰዋልና። ሸክላው በዳርና በመካከሉ ብቻ ይያዝ። ተደራርቦ ሳይሆን እንደ መጽሐፍ ቆሞ፣ ፀሐይና ሙቀት በሌለበት ይቀመጥ። ቪኒል በተጣራ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ የቦዩን ዙር ተከትሎ ሊጠረግ ይችላል። በድሮው ባለ 78 ዙር ሸክላ ላይ ግን አልኮል ፈጽሞ አይነካ፤ ሼላክን ያሟሟዋል። ከዚያ በኋላ አዲስ መርፌ ባለው ደኅና መሣሪያ አንድ ጊዜ ተጫውቶ ወደ ኮምፒዩተር ይቀዳ። ከዚያ ወዲያ ለመስማት ቅጂው ይበቃል።

ከሸክላው ጋር የሚሄደውን ጽሑፍ መመዝገብም አይዘንጋ። በወረቀቱ ላይ ያለው የዘፋኙ ስም፣ የባንዱ ስም፣ የኩባንያው ስምና ቁጥር በማስታወሻ ይጻፍ። አንድ የትምህርት ቤት የሙዚቃ ወይም የታሪክ ክበብ በአካባቢው ያሉትን ሸክላዎች ቆጥሮ ዝርዝር ቢያዘጋጅ፣ ሥራው ትንሽ ቢመስልም ሌላ ቦታ የማይገኝ መዝገብ ሊሆን ይችላል። ሸክላዎቹን የገዙትና ያዳመጡት ሰዎች በሕይወት ሳሉ መጠየቅም ይገባል፤ ዘፈኑን ማን እንደደረሰው፣ የት እንደተሰማና ለምን እንደተወደደ ቦዩ አይናገርምና።